ከ«ካዛብላንካ» ሌላ ምን ልይ ላልሽው

«ካዛብላንካን ደጋግሜ አየሁት፤ ብዙ የማይወራላቸው የድሮ የጦርነት ዘመን የፍቅር ፊልሞች ጠቁሙኝ» ያልሽው እህቴ፣ ችግርሽ ገብቶኛል። ባልሽም ጥቁርና ነጭ ሲያይ እንቅልፉ ይመጣል አይደል? ተይው፣ ብቻሽን እዪ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የጻፍኩት።

1. በ«ዘ ክሎክ» ጀምሪ፣ 1945። ዘፋኟ ጁዲ ጋርላንድ አለችበት፤ ግን አትዘፍንም። የ48 ሰዓት ፈቃድ ያገኘ ወታደር ኒውዮርክ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያደናቅፋትና የጫማዋ ተረከዝ ይነቀላል። ትውውቃቸው ይኸው ነው። ጥይት አታዪም፤ ጠላታቸው ሰዓቱ ነው። ለመጋባት ሲሯሯጡ ደግሞ የደም ምርመራ፣ ፈቃድ፣ «ቢሮው ተዘግቷል»! ክፍለ ከተማ ጉዳይ ኖሮት የተንገላታ ሰው እዚህ ጋ ከማንም በላይ ይበሽቃል። በመጨረሻ በባቡር ጩኸት መሀል ተጣድፈው ይጋባሉ። ከዚያ ምግብ ቤት ተቀምጠው ሠርጉ አስቀያሚ ነበር ብላ ታለቅሳለች። እንዲህ ያለ እውነተኛ ሠርግ ፊልም ላይ አይቼ አላውቅም።

2. «ዋተርሉ ብሪጅ»። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፣ ሁለት ናቸው! እኔ የ1940ውን፣ ቪቪየን ሊ ያለችበትን ነበር ያዘዝኩት። ሻጩ የ1931ዱን ላከልኝ። ስደውልለት «ያው አንድ ታሪክ ነው፣ ምን ያጨቃጭቅሃል?» አለኝና ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ብሩም ቀረ። አንድ አይደሉም ጌታው! በ1940ው ልጅቷ ባሌ ዳንሰኛ ናት፤ የምትወደው ሰው ሞተ የሚል ዜና ጋዜጣ ላይ አንብባ ነው ኑሮዋ የሚበላሸው። የ1931ዱ ግን ሆሊውድ ሳንሱሩን ሳያጠብቅ የተሠራ ስለሆነ፣ ገና ሲጀምር ገላዋን ሸጣ እንደምታድር አይደብቅም። ንዴቴ ሲበርድ አየሁትና ከታዋቂው ይበልጥ ወደድኩት። ለሻጩ ግን አልነገርኩትም፤ ደስ አይበለው።

ሌላው የሶቪየቶቹ «ዘ ክሬንስ አር ፍላይንግ» ነው፣ 1957። በዓመቱ ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ዋናውን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን፣ ወስዷል። ልጁ ይዘምታል፣ ደብዳቤው ይጠፋል፣ ፍቅረኛው የአክስቱን ወይ የአጎቱን ልጅ ታገባለች። ሌላ ፊልም ቢሆን ከሃዲ ብሎ ይረግማት ነበር። ይሄኛው አብሯት ይቆማል፤ ለዚህ ነው ከሁሉም የማስበልጠው። ሰብታይትል ያለውን ፈልጊ፤ ድምፁ በእንግሊዝኛ የተቀየረውን በነፃ ቢሰጡሽም አትንኪው።