ሥራ ፈላጊ ነኝ፣ ከየት ልጀምር? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሥራ ፈላጊ በሚመዘገብበት የወረዳ ቢሮ ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። ስለ ሥራ ፍለጋና ስለ ሥልጠና ያሻችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። የምችለውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ ተመረቅኩ። ወረዳ መመዝገቤ ጥቅም አለው? ሲቪ ይዤ ብዞር አይሻልም?

ሁለቱንም አድርጊ። ምዝገባው ነፃ ነው። ስምሽ፣ ሙያሽና ስልክሽ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ውስጥ ይገባል፣ ቀጣሪ ሰው ሲፈልግ የሚታየው ያ ነው። ተደራጅቶ መሥራት ለሚፈልግም መነሻው ይኸው ነው። ግን አደራ፣ ስልክ ስትቀይሩ ተመልሳችሁ አስተካክሉ። አንድ ጊዜ ፋብሪካ የልብስ ስፌት ባለሙያ በአስቸኳይ ፈለገና ከመዝገቡ እያየን መደወል ጀመርን። ግማሹ ስልክ አይሠራም። ከሁለት ወር በኋላ አንዷ ልጅ መጥታ "እስካሁን እኮ ማንም አልጠራኝም" አለችኝ። ስሟን ፈልጌ አገኘሁት፣ ቁጥሩ ግን የድሮዋ ነው። ምን እንደምላት ጠፋኝ።

ጥያቄ፦ መታወቂያዬ የክፍለ ሀገር ነው፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ምን ላድርግ?

የወረዳው አገልግሎት ከነዋሪነት ጋር የተያያዘ ስለሆነ መታወቂያ መጠየቅህ አይቀርም። ከመጣህበት ቀበሌ መሸኛ ለማውጣት ዛሬውኑ ጀምር፣ ጊዜ ይፈጃል። ፋይዳም (ብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ) ከሌለህ ተመዝገብ፣ እሱም ነፃ ነው። እስከዚያው እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥ። የግል ድርጅት ማስታወቂያ ላይ ለማመልከት የወረዳ ምዝገባ አያስፈልግህም።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው 3 ሺህ ብር ካመጣህ አስቀጥርሃለሁ አለኝ።

አትስጥ። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ በአዋጅ 1156/2011፣ ሥራና ሠራተኛ የሚያገናኝ የግል ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል አይችልም። ፈቃድ ያለው እንኳ የማይችለውን፣ ካፌ ቁጭ ብሎ ብር አምጣ የሚልህ ሰው ከየት አምጥቶ ይችላል? ለዚህ ብር ብላ ላሟን የሸጠች እናት አውቃለሁ። ልጇ አንድ ቀን እንኳ ሥራ አልገባም።

ጥያቄ፦ እህቴን ደላላ በጉብኝት ቪዛ ዱባይ ልላክሽ አላት። ትሂድ?

በፍጹም! በሥራ ውል የምትሄድ ልጅ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል ነው የምትሄደው። ዕድሜዋ 18 መሙላት አለበት፣ ሠልጥና የብቃት ማረጋገጫ ትይዛለች። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 መሠረት ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት የአሠሪው ወጪ ነው። የእሷ ወጪ እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና ክትባት ያለው ነው። በጉብኝት ቪዛ ከሄደች ግን ደመወዟ ቢቀር፣ ብትደበደብ፣ ኃላፊነት ያለበት ኤጀንሲ የለም። ደላላውም ስልኩን አያነሳም። ቁጭ አድርጋችሁ አናግሯት፣ ቁጣ ሳይሆን ምክር ነው የሚያስፈልጋት።

ጥያቄ፦ ሥራ ከጀመርኩ ወር ሆነኝ፣ ውል አልሰጡኝም።

ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋና ነገሮቹን ጽፎና ፈርሞ ሊሰጥህ ይገባል። በትሕትና ጠይቅ። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ ስለዚህ የጀመርክበትን ቀን ጽፈህ ያዝ።

ጥያቄ፦ ዲግሪ አለኝ፣ ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጥኩ። ቴክኒክና ሙያ ብገባ ወደ ኋላ መመለስ አይሆንብኝም?

አይሆንብህም ወንድሜ። ይህን ጥያቄ ስሰማ ሆዴ ይባባል፣ ምክንያቱም ብዙ ልጅ "ሰው ምን ይለኛል" እያለ ምርጥ ዓመቶቹን ቤት ያሳልፋል። አንድ ቀን አንድ ልጅ ይዤ ብረታ ብረት ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ የልጁን የትምህርት ማስረጃ ገልጦ አላየም። ሁለት የብረት ቁራጭ ሰጠውና "በል በይዳቸው" አለው። ልጁ መነጽሩን አጠለቀ፣ በየደ፣ ሰውየው ስፌቱን በመዶሻ መታ መታ አደረገና "ሰኞ ና" አለ። በቃ። አዲስ አበባ ካለህ ተግባረ ዕድን፣ እንጦጦን፣ ጄኔራል ዊንጌትን የመሳሰሉትን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሄደህ ጠይቅ፣ አጫጭር ሥልጠናም አለ። ሙያ ከመምረጥህ በፊት ግን ሰፈርህን ዙር። ወርክሾፖቹ ምን ዓይነት ሰው አጥተው ነው የሚቸገሩት? እሱን ተማር።

ጥያቄ፦ ጋራዥ 6 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ወረቀት ግን የለኝም።

ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘና፣ ተመዘን! በሥራ ላይ የተማረ ሰውም መመዘን ይችላል፣ የግድ ኮሌጅ መግባት የለብህም። የምትሠራበትን ጋራዥ የልምድ ደብዳቤ ጠይቅ። ምዘናው የጽሑፍም የተግባርም ክፍል አለው። ተግባሩ ላይ አልሰጋልህም፣ የሚጥለው ጽሑፉ ነው። ጋራዡ ውስጥ ኮሌጅ የሚማር ልጅ ካለ ደብተሩን ተዋሰውና ማታ ማታ አብራችሁ ተቀመጡ፣ አንተም ሞተር ትፈታለታለህ።