አብራሪ ያለበት ቤት፦ የአንባብያን ጥያቄና የአዘጋጆቹ መልስ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የረጅም ርቀት በረራ ረዳት አብራሪ ነው። ጠዋት ከበረራ ሲገባ እስከ ማታ ይተኛል፤ ሌሊቱን ደግሞ ሳሎን ሲንጎራደድ ያድራል። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። ዕረፍት ላይ ሆኖ እንኳ ስናገረው ይቆጣኛል። ፍቅሩ ቀንሶ ይሆን?
*ሰ. ከሰሚት*

መልስ፦ እህታችን፣ ስለ ፍቅሩ ከመጨነቅዎ በፊት እንቅልፉን ይመልከቱልን። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄዱት ብዙዎቹ በረራዎች የሚነሡት በምሽትና በእኩለ ሌሊት ነው። ባለቤትዎ ጠዋት 12 ሰዓት ተነሥቶ ልጆቹን ትምህርት ቤት ቢያደርስ፣ ቀኑን ባንክና ጋራዥ ሲዞር ቢውልና ሌሊት 6 ሰዓት የሚነሣ በረራ ቢኖረው፣ ገና ከቦሌ ሳይነሣ 18 ሰዓት ነቅቷል። የ7 ሰዓቱን በረራ ጨርሶ ሲያርፍ 25 ሰዓት ይሞላዋል። 17 ሰዓት ያህል የነቃ ሰው የሚያሳየው መዘግየት በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል። ሰውነት ከሁሉ በላይ የሚደክመው ደግሞ ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ እሱ በዚያ ሰዓት መሪ ላይ ነው።

ስለዚህ በበረራው ቀን ከ8 እስከ 11 ሰዓት ያለው የከሰዓት እንቅልፍ የሥራው አካል ነው። ሦስቱን ሰዓት መተኛት ባይችል አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ ብዙ ያግዘዋል። ክፍሉ ጨለማ ይሁን፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፣ ቡናው ጠዋት ላይ ይብቃ። ይህን እንቅልፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው ልጅ አይደለም፤ «ለአንድ አፍታ ላግኘው» ብሎ የሚመጣ ዘመድ፣ ልቅሶና የእድር ስብሰባ ነው። እድራችሁ በቤተሰብ ስም ከሆነ በበረራ ቀን እርስዎ ይወክሉት፤ ለዳኛውም አስቀድማችሁ አስረዱ። እንዲህ ካደረጋችሁ ቅጣትም ቅያሜም አይመጣም።

ከበረራ የሚመለስበት ቀን ላይ ግን የእናንተ ቤት ስሕተት ግልጽ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት የገባ ሰው እስከ ማታ ከተኛ፣ ለሌሊቱ የሚሆነውን እንቅልፍ በቀን ጨረሰው ማለት ነው። ቀለል ያለ ነገር በልቶ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ይተኛ፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ይቀስቅሱት። መጀመሪያ ላይ ያጉረመርም ይሆናል፤ ቢሆንም ያስነሡት። ፀሐይ ያለበት ቦታ ይውጣ፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ቡና አይጠጣ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ይተኛ። ከሌሊት በረራ ሲወጣ ራሱ መኪና እንዳይነዳ ደግሞ አጥብቀን እንለምናለን፤ የድርጅቱን ሰርቪስ ወይም ታክሲ ይጠቀም።

ከዋሽንግተን ሲመለስ ነገሩ ይከብዳል። የሰዓት ልዩነቱ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው፤ ሰውነት ደግሞ የሚለምደው በቀን አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። እዚያ የሚቆየው አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ከሆነ በአዲስ አበባ ሰዓት ቢተኛና ቢነሣ ይሻለዋል። በገባ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የገንዘብም ሆነ የቤተሰብ ከባድ ወሬ አይክፈቱ፤ ለሁለተኛው ቀን ያቆዩት። ሮስተሩን (የወሩን የበረራ ምድብ ሰሌዳ) ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋችሁ የበረራውን ቀን፣ የእንቅልፉን ቀንና የቤተሰቡን ቀን በሦስት ቀለም ለዩ። ልጆቹም ቀለሙን አይተው አባታቸውን መቼ እንደሚያገኙት ያውቃሉ።

በዓመት ፈቃዱ ሳምንታት እንኳ በደንብ ተኝቶ ቁጣው ካልበረደ፣ ወይም ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ቆም ቆም የሚል ከሆነ፣ ጉዳዩ ሐኪም ይፈልጋል። አብራሪዎች ይህን የሚደብቁት የሕክምና ፈቃዴን እነጠቃለሁ ብለው ነው። ፍርሃቱ ይገባናል፤ ግን በእንቅልፍ ውስጥ የሚከሰት የትንፋሽ መቋረጥ ታክሞ ወደ በረራ መመለስ የተለመደ ነው። የአሜሪካው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርም ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተወሰኑ የድብርት መድኃኒቶችን ለሚወስዱ አብራሪዎች በክትትል ፈቃድ ይሰጣል። ከፋርማሲ በራስ ገዝቶ መዋጥ ግን ፈጽሞ አይሁን፤ ብዙዎቹ የጉንፋንና የአለርጂ ክኒኖች እንኳ ያስተኛሉ።

ጥያቄ፦ እጮኛዬ አብራሪ ናት፤ ሠርጋችንን ለጥር አስበናል። ሽማግሌዎች ቀን ቁረጡ ይላሉ፤ እሷ ሮስተር ሳይወጣ አልችልም ትላለች። አዳራሹን ዝም ብዬ ልያዝ?
*ሙሽራው፣ ከአያት*

መልስ፦ አይያዙ። መጀመሪያ የዓመት ፈቃዷ ይጽደቅ፣ አዳራሹ ከዚያ ይከተላል። የወሩ ሮስተር ዘግይቶ ይወጣል እንጂ የዓመት ፈቃድ የሚጠየቀው ከወራት በፊት ነው። ገናና ጥምቀት የሚውሉበትን የፈረንጆቹን ጃንዋሪ ሁሉም ስለሚፈልገው በብዙ አየር መንገዶች ቅድሚያ የሚያገኘው የቆየ ሠራተኛ ነው፤ ስለዚህ ሁለት አማራጭ ሳምንት ይዛ ትጠይቅ፣ አንዱ ከፋሲካ በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለጋብቻ የሚሰጠው 3 የሥራ ቀን ነው፤ ለመልስና ለቅልቅል አይበቃም።

ቀን ስትቆርጡ ሁለት ወጥመድ አለ። ፈቃዱ የሚሞላው በፈረንጅ ቀን ነው፤ ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜን 6 የሆነችበትን ዓመት ተከትሎ ሲመጣ ግን ጃንዋሪ 20 ነው፤ በ2016 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር። ሁለተኛው፣ ሮስተሩ በዙሉ ሰዓት (አብራሪዎች በጋራ በሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ UTC) የተጻፈ ከሆነ ነው። ከዙሉ ሰዓቱ 3 ሲቀንሱ የእኛን ሰዓት ያገኛሉ፤ ከ12 ከበለጠ ሌላ 12 ይቀንሱ። ዓርብ 23፡00 ታርፋለች የሚለው በቦሌ ቅዳሜ ሊነጋ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ሠርጉ ቅዳሜ ከሆነ ሙሽራዋ ሳትተኛ ለሚዜዎቿ በር ትከፍታለች።

በየ6 ወሩ ያለው የሲሙሌተር (መሬት ላይ ያለ የበረራ ማስመሰያ መሣሪያ) ፈተናዋም በሠርጉ ወር እንዳይገባ አስቀድማ ታረጋግጥ። ከሠርጉ በኋላ ያለው የመጀመሪያ በረራ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይራቅ። ብዙ አየር መንገዶች ከመጠጥ በኋላ 12 ሰዓት ይጠይቃሉ፤ ቀኑን ሙሉ ጠጅና ውስኪ ለቀመሰ ሰው ግን ያም ላይበቃ ይችላል።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ እናት በጠና ታመዋል። እሱ የወሩን ግማሽ ውጭ ነው። ክፉ ነገር ቢመጣ ባለበት አገር በስልክ ልንገረው ወይስ ልደብቀው? ታላላቆች «ሲመለስ ይረዳል» ይላሉ።
*አ. ከአዳማ*

መልስ፦ እማማን እግዚአብሔር ይማርልን። ይህን ጥያቄ አስቀድመው ማንሣትዎ መልካም ነው፤ በዕለቱ ማሰብ አይቻልምና።

መርዶን ለማለዳ ማቆየት ለማንም ሰው ደግ ልማድ ነው። ለአብራሪ ግን ሁለት አደጋ አለበት። አንደኛው፣ ሆቴል ውስጥ ብቻውን ሰምቶ «ቤቴ ልድረስ» ብሎ በዚያው ስሜት አውሮፕላን ማብረሩ ነው። ሁለተኛው፣ እናንተ ስትደብቁ ከፌስቡክ ወይም ከቴሌግራም ሊነሣ ሲል ማወቁ ነው። የዛሬ ቤተሰብ ዜናውን ለአንድ ቀን እንኳ ይዞ ማቆየት አይችልም፤ ቨርጂኒያ ያለው የአጎት ልጅ «እግዜር ያጥናህ» ብሎ ይደውላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስልክ ለእሱ ሳይሆን ለድርጅቱ ይሁን። ሌሊትም ቢሆን የበረራ ሠራተኞችን የሚመድበው ክፍል ተረኛ አለው። እነሱ ከምድቡ ያወጡታል፣ በመንገደኛነት ያስመጡታል፣ አብሮት ያለው ካፒቴን ወይም ባልደረባ አጠገቡ ሆኖ ይነግረዋል። አየር ላይ ካለ እስኪያርፍ ይጠበቅ። ይህ እንዲሆን ዛሬውኑ የተረኛውን ስልክ፣ የባለቤትዎን የመታወቂያ ቁጥርና ደዋዩ ማን እንደሚሆን ጽፈው ይያዙ፤ አንድ ሰው ብቻ ይደውል፣ ሌላው ዘመድ እስኪፈቀድለት ዝም ይበል። መርዶውን እንዴት መስማት እንደሚፈልግም እሱን ራሱን አሁን ይጠይቁት። «እኔ ሳልመጣ አትቅበሩ» የሚል ከሆነ ቤተሰቡ ይወቅ፤ ቀብር እኛ ዘንድ በማግሥቱ ነው፣ ከዋሽንግተን በቀጥታ መምጣት ብቻ 13 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሕመማቸው እንደጸና ለአለቆቹ ነግሮ ለጊዜው በዕለቱ ወደሚመልሱት አጫጭር በረራዎች እንዲያዛውሩት መጠየቅ ነው።

ሕጉ ለሐዘን 3 የሥራ ቀን በደመወዝ ይፈቅዳል። ልቅሶ ቤት ሦስት ሌሊት ሳይተኛ ያሳለፈ ሰው ግን በአራተኛው ቀን ማብረር የለበትም። ከዓመት ፈቃዱ ይጨምር፤ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት እስኪጀምር ይቆይ።

ጥያቄ፦ ረዳት አብራሪ ነኝ፤ የ6 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። መቼ ልናገር?
*ት.*

መልስ፦ ዛሬ። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት፣ እርግዝናው ችግር የሌለበት መሆኑ በሐኪም ከተረጋገጠ ማብረር የሚቻለው ከ12ኛው ሳምንት መጨረሻ እስከ 26ኛው ሳምንት መጨረሻ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያሳርፉ አየር መንገዶችም አሉ። አሁን ባሉበት 6ኛ ሳምንት መብረር የለብዎትም። አዋጅ 1156/2011 ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን ይከለክላል፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን በደመወዝ ይሰጣል።

ብዙ ባለትዳር የሚደናገጠው ገንዘቡ ላይ ነው። በረራ ሲቆም የበረራ ክፍያና የውሎ አበል አብረው ይቆማሉ፤ ስለዚህ ከዚህ ወር ጀምሮ ቤት ኪራዩንና ብድሩን በመነሻ ደመወዝ ብቻ መሸፈን እንደምትችሉ ከባለቤትዎ ጋር አስሉ። በሥልጠና ክፍል ወይም በቢሮ የመሬት ሥራም በጽሑፍ ይጠይቁ። ሲመለሱ የሕክምና ምርመራ አለ፤ ባለፉት 90 ቀናት 3 መነሣትና 3 ማረፍ ስለማይኖርዎት ሲሙሌተርም ይገባሉ። ልጁን የሚይዘው ሰው ከሲሙሌተሩ ቢያንስ 3 ሳምንት ቀድሞ ቤት ገብቶ ይለማመድ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራትም የሌሊት አዳር የሌለበት ምድብ ይጠይቁ።