ረቂቁን ስታነቡ ዝምታው ለማን እንደሚያደላ እዩ

ለወጣት የሕግና የጤና ባለሙያዎች፣

የአእምሮ ጤና ረቂቅ ሕግ ለውይይት ሲቀርብ ብዙ ሰዓት የሚባክነው መግቢያው ላይ ነው። ክብርን፣ ርኅራኄን ማን ይቃወማል? እናንተ ሰው ያለፈቃዱ ሆስፒታል የሚገባበትን አንቀጽ ክፈቱና ጠይቁ፦ ማንም ምንም ባያደርግ ታካሚው ምን ይሆናል?

የጣሊያን የ1978ቱ ሕግ ቁጥር 180 ለዚህ መልስ አለው። ሁለት ሐኪሞች ይስማማሉ፣ ከንቲባው ያዛል፣ ትእዛዙ በ48 ሰዓት ውስጥ ለዳኛ ይደርሳል፤ ዳኛው በቀጣዩ 48 ሰዓት ካላጸደቀው ይፈርሳል። የእንግሊዝና ዌልስ የ1983ቱ ሕግ ሲወጣ ግን ለሕክምና እስከ 6 ወር ማቆየትን ፈቀደ፤ ታካሚው ራሱ ካላመለከተ ሆስፒታሉ ጉዳዩን ለገምጋሚ ችሎት የሚመራው 6 ወሩ ካለቀ በኋላ ነበር። በመድኃኒት የደነዘዘ ሰው ማመልከቻ እንዲጽፍ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ሰዓት አቆጣጠሩንም አትለፉት። «72 ሰዓት» የሚጀምረው ፖሊስ ከያዘው፣ ካርድ ካወጣ ወይስ ሐኪም ካየው ጊዜ? ካልተጻፈ ሁሉም ለራሱ በሚመቸው ይቆጥራል። ዓርብ ማታ የገባ ሰው 72 ሰዓቱ ሰኞ ማታ ያልቃል፤ «3 የሥራ ቀን» ከተባለ እስከ ረቡዕ ይቆያል። «ቤተሰቡን ሊያሳውቅ ይችላል» የሚል ሐረግም ማንንም አያስገድድም፤ «ያሳውቃል» አስብሉት፣ ታካሚው ለማን ይነገርልኝ እንዳለ ጨምራችሁ። ጠበኛ ዘመድም አለና።

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮሚቴ በ2014 በሰው ምትክ መወሰን ቀርቶ ሰውየው ራሱ እንዲወስን መደገፍ አለበት ሲል፣ ብዙ መንግሥታት አልተዋጠላቸውም። ማስገደድ ይሰረዝ የምትሉ፣ በተሰረዘው አንቀጽ ቦታ ሌላ ይዛችሁ ቅረቡ፦ ሌሊት ሲደወል ማን ይሄዳል፣ በስንት ሰዓት፣ በማን በጀት? ይቆይ የምትሉ ደግሞ «ሕክምና ያስፈልገዋል» የሚለው መስፈርት ሁሉንም እንደሚያስገባ እወቁ። አደጋው ምን ዓይነት፣ ምን ያህል ቅርብ መሆኑ ይጻፍ።

በመጨረሻ ሌሎቹን ሕጎች አገላብጡ። ሕንድ በ2017 የአእምሮ ጤና ሕጓን ስታወጣ ራሱን ለማጥፋት የሞከረ ሰው ከባድ ጭንቀት ላይ እንደነበር ይገመታል፣ አይቀጣም የሚል ድንጋጌ አስገባች፤ የወንጀል ሕጓ ይቀጣው ስለነበር። ከሁሉ የሚሰንፈው ዓረፍተ ነገር «ይህን ሕግ የሚቃረን ማንኛውም ሕግ ተፈጻሚነት አይኖረውም» የሚለው ነው፤ ፍለጋውን ለዳኛው ይተውለታል። የወንጀሉን፣ የውርሱን፣ የጋብቻውንና የምርጫውን ሕግ አንብባችሁ የሚሻሩትን አንቀጾች በቁጥራቸው ዘርዝሩ።