ክሊፕ ማሠሪያ ብላችሁ የምትልኩት ገንዘብ

ይህን የምጽፈው ሐዋሳ ሆኜ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ 24 ዓመት ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ለሁለት ወር እናቴ ቤት ልቀመጥ መጥቻለሁ። ሥራዬ ድምፅ ነው። ኮንሰርት ስትሄዱ ከሕዝቡ ኋላ ሚክሰር (ድምፅ መቀላቀያና ማስተካከያ መሣሪያ) ፊት የሚቆም ሰው ታያላችሁ አይደል? እሱ ነኝ። የጀመርኩት ሣጥን በመሸከምና ገመድ በመጠቅለል ነው።

እዚህ ከመጣሁ ወዲህ አንድ ነገር ከንክኖኛል። ከፒያሳ እስከ አሞራ ገደል ያገኘሁት ሙዚቃ ወዳድ ወጣት ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፤ "ለክሊፕ ስፖንሰር አታገኝልኝም?" አብዛኛው ውጭ የሚኖር አክስት ወይም ወንድም አለው። ወይ ልኮለታል፣ ወይ እልካለሁ ብሎታል። "ሚክስ ማድረግ አስተምረኝ" ያለኝ አንድ ልጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሬ ከልጆቹ ጋር አይደለም። ከእናንተ፣ ከላኪዎቹ ጋር ነው።

1. ወረቀት

አሜሪካ አዲስ የገባችሁ የሥራ ፈቃዳችሁንና መንጃ ፈቃዳችሁን ቶሎ ጨርሱ። መንጃ ፈቃድ የሌለውን ሰው ለመድረክ ሥራ የሚጠራው የለም፤ ሾው አልቆ ዕቃ ተጭኖ ቤት የሚገባው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ከአገር ቤት አርቲስት ለማስመጣት የምታስቡ ደግሞ ለባህላዊ ዝግጅት ፒ-3 የሚባል የአሜሪካ ቪዛ እንዳለ እወቁ። ማመልከቻውን የሚያስገባው አርቲስቱ ሳይሆን እዚያ ያለው አሠሪ ወይም ወኪል ነው። ጠበቃ ያዙ። ይኸው ነው።

2. ከመድረክ ጀርባ ስንት እንጀራ አለ

አዲስ የመጣ ልጅ "ሙዚቃ ነፍሴ ነው" ሲለኝ "ምን ትሠራለህ?" ብዬ እጠይቀዋለሁ። "እዘፍናለሁ" ይለኛል። ሌላ በር ያለ አይመስለውም።

እስቲ አንድ መካከለኛ ኮንሰርት ላይ ሰው ቁጠሩ። ለሕዝቡ የሚወጣውን ድምፅ የሚያስተካክል አለ። ዘፋኙና ባንዱ ራሳቸውን እንዲሰሙ የሚያደርግ የሞኒተር ሰው አለ። መብራት የሚሠራ አለ። ማን በስንት ሰዓት እንደሚወጣ የሚቆጣጠር የመድረክ ኃላፊ አለ። ጊታር የሚቃኝና ድራም የሚተክል አለ። ጉዞውን፣ ሆቴሉንና ሒሳቡን የሚይዝ ማናጀር አለ። ሾው የሚሸጥ ወኪል፣ ውል የሚያረቅ ጠበቃ አለ። ስቱዲዮ ስትገቡ ደግሞ የሚቀርጸው፣ ሚክስ የሚያደርገው (ድምፆቹን የሚያመጣጥነው)፣ ማስተር የሚያደርገው (የመጨረሻውን ቅጂ የሚያጠራው)፣ የሚያቀናብረው አለ። ግጥምና ዜማ የሚሰጠውማ ገና ድሮ ሥራውን ጨርሷል። የዘፋኙ ጊዜ ቢያልፍ እነዚህ ሰዎች በሚቀጥለው ሳምንት ከሌላ ዘፋኝ ጋር ይሠራሉ።

እኛ ደግሞ ማንም የማይወስድብን ነገር አለን። የፈረንጅ ባለሙያ ማሲንቆ ሲሰጡት የት ማይክ እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል። ድምፁ ከቆዳው እንደሚወጣ ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው ግን ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። የድምፅ ቅኝት የሚያርመውን ሶፍትዌር በፈረንጅ ስኬል ከከፈቱት አንቺሆዬ የሚባለውን የእኛን ቅኝት ኖታ ጎትቶ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። ዘፋኟ የሳተች ይመስላል። አልሳተችም። ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺሆዬ የሚለይ ጆሮ ያለው የድምፅ ባለሙያ እዚያ አገር ብርቅ ነው። እኔ ብዙ ሥራ ያገኘሁት በዚህ ነው።

ታሪካችንን ስታዩትም እንደዚሁ ነው። አምሃ እሸቴ ዘፋኝ አልነበረም። ሸክላ ማሳተም ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ። በዘፋኙ በዓለማየሁ እሸቴ ጀመረ፤ ሸክላውን ውጭ አገር እያሳተመ አስገባ። ዛሬ ፈረንጁ ሁሉ የሚያደንቀው የዚያ ዘመን ሙዚቃ ብዙው በእሱ እጅ ያለፈ ነው። የሙዚቃ አቀናባሪውን ኤልያስ መልካን አስቡ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ ያጠና ሰው ነው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲያርፍ አገር ያለቀሰለት ባቀናበረው ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጆሮአችሁን ጠብቁ። የድምፅ ኃይል የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ 85 ዴሲቤል ላይ በቀን 8 ሰዓት መሥራት ይቻላል። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የእኛ ሠርግ አዳራሽ 100ን ስንቴ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። የግራ ጆሮዬ ማታ ማታ ይጮኻል። የጆሮ መሰኪያ መግዛት የጀመርኩት ከረፈደ በኋላ ነው።

3. ገንዘቡ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ።

ታናሽ ወንድሜ ከእኔ የተሻለ ጆሮ ነበረው። እዚህ ሐዋሳ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመዝሙር ቡድኑን ሚክሰር የሚይዘው እሱ ነበር። ያስተማረው የለም። ከእሑድ እሑድ እየነካካ፣ እየተቆጡት፣ ራሱ ለመደው። በ1999 ዓ.ም. ደወለልኝ። "ወንድም ጋሼ፣ ድምፅ መማር እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ አንድ ስቱዲዮ እየተቀመጥኩ ልማር፤ የወራት ቤት ኪራይና ጥሩ ሄድፎን ብቻ ነው የምፈልገው" አለኝ።

ምን አልኩት መሰላችሁ? "ገመድ ልትጠቀልል ነው? እኔ የጠቀለልኩት ለቤታችን ይበቃል።"

ያን ጊዜ እኔ ራሴ ሣጥን እየተሸከምኩ ነበር። ቤት ግን "ሙዚቃ ውስጥ ነው የምሠራው" እል ነበር፤ ምን እንደምሠራ አላብራራም። አፍር ነበር። እኔን ያበላኝን፣ ለእናቴ ቤት ያሳደሰልኝን ሥራ ለወንድሜ ነፈግኩት። ይህን ስጽፍ አሁንም እጄ ይከብደኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጓደኞቼ "ወንድምህ ድምፅ አለው፣ ክሊፕ አሠራለት" አሉኝ። ድምፅ አለው፤ መካከለኛ ድምፅ ነው። እሱ አልጠየቀኝም። እኔ ነኝ የወሰንኩለት። 2,500 ዶላር ላክሁ። የአራት ወር የሌሊት ሥራዬ ነበር። መኪና ተከራዩ፣ ሐይቁ ዳር ሆቴል ያዙ፣ ለተወዛዋዥ ልብስ አሰፉ፣ ካሜራና ኤዲቲንግ ተከፈለ። ክሊፑ በቴሌቪዥን ሁለት ሦስት ጊዜ ታየ። እኔም ለሥራ ባልደረቦቼ አሳየሁ። ከዚያ በቃ። ሌላ ዘፈን የለም፣ ሾው የለም፣ የተረፈ ሙያ የለም። በተመረጠ ሸሚዝ ሐይቅ ዳር የቆመ ልጅ ብቻ ቀረ።

ስህተቴ ገብቶኝ በ2003 ዓ.ም. ሚክሰር ገዝቼ በሰው ሻንጣ ላክሁለት። ደስ አለው። ያን ማታ ሶኬት ላይ ሰካው፣ ጢስ ወጣ። የአሜሪካ ዕቃ ነው፤ 110 ቮልት። እዚህ 220 ነው። እኔ፣ የድምፅ ባለሙያው፣ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ሳላነብ ላክሁት። ወንድሜ መቃጠሉን አንድ ዓመት ሙሉ አልነገረኝም። እንዳላዝን ብሎ ነው።

ዛሬ ከመናኸሪያ አቶቴ ባጃጅ ይነዳል። ባጃጅ መንዳት ሥራ ነው፤ ቤተሰብ አስተዳድሮበታል፣ አልንቀውም። ግን ባለፈው ሳምንት አብሬው ስሄድ አንድ ሱቅ በር ላይ ስፒከር ይጮኻል። ወንድሜ ፊቱን ሳያዞር "መሀሉ በዝቷል፣ ሰው አያስቆምም" አለ። ዞሬ ሰማሁ። ልክ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ሠርግ ተጠርተን ሐይቁ ዳር ተቀመጥን። ሽማግሌው ሊመርቁ ማይክ ሲይዙ ማይኩ ያፏጫል። የሚክሰሩ ልጅ ደንግጦ ሁሉን ነገር ይቀንሳል፤ የሽማግሌው ድምፅ ጠፋ። ወንድሜ ተነሣ፣ ሄደ፣ አንድ ነገር ነካ፣ ልጁን ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ተመለሰ። ምርቃቱ ጥርት ብሎ ተሰማ። "አሜን" ብሎ ቁጭ አለ።

እኔ አሜን ማለት አቃተኝ።

ስለዚህ ስሙኝ። እናንተ የምትልኩት የላባችሁ ነው፤ በእንቅልፋችሁ፣ በወገባችሁ የመጣ ነው። ለአንድ ቀን ቀረጻ አታቃጥሉት። ክሊፕ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ዘፈን ያለው፣ ባንድ ያለው፣ ሾው ላይ የተፈተነ ልጅ ክሊፕ ይሥራ። ክሊፕ መጀመሪያ ሲሆን ግን ጣሪያ ሠርቶ ግድግዳ እንደ መፈለግ ነው። በዚያ ላይ ዘፈኑ የሚጫነው በሌላ ሰው ዩቲዩብ ቻናል ከሆነ፣ ውል ከሌለ፣ ገቢው የቻናሉ ባለቤት ነው። ይህን ስንቱ እንደማያውቅ ባያችሁ።

ልጁን ጠይቁት። "ምን ትፈልጋለህ?" በሉት፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ አድምጡት። "ልዘፍን" ካለ መልካም። "ላቀናብር"፣ "መብራት ልሥራ"፣ "ሰው ላስተዳድር" ካለ ደግሞ አታሳፍሩት። "ሥራ ነው ይሄ?" አትበሉት። እኔ አልኩ፤ ያመጣብኝን ነገርኳችሁ።

ሐዋሳ ውስጥ ሥራ የለም የሚል ካለ መጥቶ ይይ። በየሳምንቱ ሠርግ አለ። ሆቴሎቹ በበዓል ሾው ያዘጋጃሉ። አብያተ ክርስቲያናቱ ትልልቅ የድምፅ ሲስተም አላቸው፤ የሚይዘው ሰው ግን እንደ ወንድሜ ሳይማር የለመደ ነው። ለፍቼ ጫምባላላ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ጉዱማሌ ላይ የሚሰበሰበውን ሕዝብ አስቡ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት የመዘገበው በዓል ነው። ለዚያ ሁሉ ሰው ድምፅ የሚያደርስ ባለሙያ የከተማው ልጅ ቢሆን ምን አለበት?

ገንዘቡን ስትልኩ ለትምህርት የሚሆነውን በቀጥታ ለአስተማሪው ክፈሉ። አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለወራት ስቱዲዮ የሚቀመጥ ልጅ የሚፈልገው ቤት ኪራይና ምግብ ነው። ዕቃ ስትገዙ የኃይል መስጫው ላይ 100-240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ከሌለ አትላኩ። ስታብላይዘር እዚሁ ይገዛ፤ መብራቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ሙያው ያላችሁ ደግሞ ሰዓታችሁን ላኩ። በሳምንት አንድ ቀን በቪዲዮ ተደዋውላችሁ የሠራውን ስሙለት፤ "ቤዙን ቀንስ፣ ድምፁን ወደ ፊት አምጣ" በሉት። ይህ ሐዋላ አይጠይቅም።

4. ስምና ውል

ከመድረክ ጀርባ የሚሠራ ሰው ስሙ ካልተጻፈ የለም። እኛ አገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ በ872/2007 ተሻሽሏል። የግጥምና የዜማ ደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። "ወንድሜ ነው፣ በቃል ይበቃል" አትበሉ። በወረቀት ይሁን።

አሜሪካ ደግሞ ዘፈናችሁ በኢንተርኔትና በሳተላይት ሬዲዮ ሲጫወት ሳውንድኤክስቼንጅ የሚባል ተቋም ይሰበስባል። ግማሹ ለቅጂው፣ ማለትም ለተቀረጸው ድምፅ፣ ባለቤት ነው። 45 በመቶው የዋናው ዘፋኝ ነው። 5 በመቶው ለአጃቢ ተጫዋቾችና ከኋላ ሆነው ለሚቀበሉ ድምፃውያን ነው። ሚክስ ያደረገ ሰውም ዘፋኙ በደብዳቤ ካዘዘለት ድርሻ ያገኛል። ስንት የእኛ ቤዝ ተጫዋች ስሙን ሳያስመዘግብ ቀርቷል! ተመዝገቡ።

በመጀመሪያው ላይ "ሚክስ ማድረግ አስተምረኝ ያለኝ አንድ ልጅ ብቻ ነው" ብያለሁ። ልጅ ያልኩት ሴት ናት። የወንድሜ ልጅ ናት፤ 17 ዓመቷ ነው። አባቷ ይይዘው የነበረውን የቤተ ክርስቲያኑን ሚክሰር እሑድ እሑድ አሁን የምትይዘው እሷ ናት። ሁለት ወር ሙሉ ከእራት በኋላ አብረን ተቀምጠናል። ያቺ ልጅ የሰማችውን አትረሳም።

ትናንት "የሚያስፈልግሽን ጽፈሽ ስጪኝ" አልኳት። ከደብተሯ አንድ ወረቀት ቀደደች። ጆሮ የሚሸፍን ሄድፎን፣ ለድምፅ መሥሪያ እንጂ ለማዳመጫ ያልሆነ። ሁለት ማይክ የሚቀበል ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ማይክን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ዕቃ። የጆሮ መሰኪያ፣ "ለእኔም ለአንተም አጎቴ" ብላ። ሦስት መስመር ብቻ ነው። ከሥሩ በሌላ እስክሪብቶ፣ በወንድሜ እጅ ጽሑፍ፣ እንዲህ ይላል፤ "220 መሆኑን አይተህ ግዛ።"