ብሩሽና ብዕር ለያዛችሁ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣ የጥበብ ሰው አምባገነንን እንዴት ሊቃወም እንደሚችል ስትጠይቁኝ፣ በሥዕል ሙያ ያረጀሁ ሰው እንደመሆኔ አስቀድሜ የምመክራችሁ ከቸርችል ጎዳና እስከ ስድስት ኪሎ ሄዳችሁ ሁለት ሐውልቶችን ረጋ ብላችሁ እንድታዩ ነው።

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የቆመው የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያ ርዳታ ተሠርቶ፣ ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ባከበረበት በመስከረም 1977 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። የቀራጮቹን የእጅ ሙያ አልንቅም። ነገር ግን ከተማው ለዚያ በዓል ሲሽቀረቀር ወሎና ትግራይ ውስጥ ሕዝብ በረሃብ ይረግፍ እንደነበር ልቡናችሁ አይርሳ፤ ለበዓሉ የዋለው ጥበብ ያን ሕዝብ እንዳያይ ዓይኑን ጨፍኖ ነበርና።

ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት ግን በ1929 ዓ.ም. ግራዚያኒን ለመግደል ከተደረገው ሙከራ በኋላ ፋሺስቶች የጨፈጨፉትን የአዲስ አበባ ሕዝብ የሚዘክር ሲሆን፣ የሠሩትም አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው። ከሥሩ ቆማችሁ በነሐስ የተቀረጹትን የወደቁ ሰዎችና ሐዘንተኞች ተመልከቱ። ይኸኛውም ቢሆን በመንግሥት ፈቃድ የቆመ ነው፤ ቢሆንም የተገደለው ሰው በላዩ ላይ ቦታ አግኝቷል። እኔ አንድን ሥራ የምመዝነው በዚህ ነው።

ገዢዎችን የሚያስደነግጣቸው ስድብ አይመስለኝም፤ ስድብን ለምደውታል። ደራሲው በዓሉ ግርማ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሳለ የኤርትራን ጦርነትና ዘመቻውን የመሩትን ሰዎች በቅርብ ያየውን ያህል «ኦሮማይ» በተባለው ልብ ወለዱ ጻፈ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እርሱም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ቀረ። እንደ እርሱ ሙቱ ልላችሁ አልችልም፤ እንዲህ ያለ ምክር ለሰው ልጅ አይሰጥም። ያያችሁትን ግን ባያችሁበት ሰዓት ንደፉ፣ ጻፉ፣ ቀኑንም ከግርጌው አስፍሩ፤ የሚታይበት ጊዜ እስኪመጣም በጥንቃቄ አስቀምጡት።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ነጻነት የመጣ ዕለት የምትሠሩት ሥራ ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የሌኒን ሐውልት ሲገረሰስ ብዙዎቻችን ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ሆኖም ለደርግ በዓላት መፈክር ይጽፉ የነበሩ እጆች ውለው ሳያድሩ ለአዲሶቹ ባለሥልጣናት ውዳሴ ሲጽፉ አይቻለሁ። ነጻነትን በጥበብ ማክበር ማለት ልጇን ያጣችው እናት ከበዓሉ ሳትገፋ፣ ሐዘኗም እንደ ነውር ሳይቆጠር የምትታይበትን ሥራ መሥራት ነው። በመስቀል አደባባይ በሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የተሰቀሉትን የወጣቶች ፎቶግራፎች ሳታዩ ስለ ነጻነት አንድም መስመር አትስመሩ። ሥራ ያዘዛችሁ አካል «ይህቺን እናት አውጧት፣ በዓሉን ታደበዝዛለች» ካላችሁም ቀብዱን መልሱለት።