ቤት ውስጥ የኔትወርክ ገመድ ስለመዘርጋት ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ላለፉት 12 ዓመታት አዲስ አበባና ዙሪያዋ በመኖሪያ ቤቶችና በትንንሽ ቢሮዎች የኔትወርክ ገመድ ስዘረጋ ቆይቻለሁ። ቤት የሚያሠሩ ሰዎች አንድ በአንድ እየደወሉ የሚጠይቁኝን እዚሁ በጋራ ብናየው ይሻላል ብዬ ነው። ቤታችሁ ገና ብሎኬት ላይ ከሆነ ግን መልሴን ሳትጠብቁ ለኤሌክትሪሺያናችሁ ደውሉ፦ ልስን ከመጀመሩ በፊት ለዳታ ብቻ የሚሆን ባዶ ቱቦ ይቅበር። ገመድ ነገም ይገዛል። ተለስኖ ቀለም የተቀባ ግድግዳ መፈልፈል ግን ማንም አይፈልግም።

ጥያቄ፦ ጂ+1 እያሠራሁ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ «ዋይፋይ እያለ ገመድ ምን ያደርጋል?» አለኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ራውተሩ ምድር ላይ ሆኖ አንተ ፎቅ ስትተኛ በመካከላችሁ ፌሮ የታሰረበት ሶሌታ አለ። ፈጣኑ የ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ እሱን ሲያልፍ ክፉኛ ይደክማል። መፍትሔው ፎቁ ላይ ሁለተኛ የዋይፋይ ማሰራጫ ማስቀመጥ ነው፤ ማሰራጫው ደግሞ በደንብ እንዲሠራ ከታች በገመድ መመገብ አለበት። ስለዚህ ገመዱን የምትቀብረው ለዋይፋዩም ብለህ ነው።

ጥያቄ፦ ስንት ቦታ ላውጣ? ከየት ይነሣ?

መልስ፦ ቴሌቪዥን የሚቀመጥበት ግድግዳ ላይ ሁለት፣ ሥራ ወይም ጥናት የሚካሄድበት ክፍል አንድ፣ ለዋይፋይ ማሰራጫው በየፎቁ ኮሪደር ኮርኒስ ላይ አንድ፣ ለግቢ በርና ለጓሮ ካሜራ አንድ አንድ። ከቁጥሩ ይበልጥ የምጨነቀው ግን ስለ አዘረጋጉ ነው። እንደ መብራት ከአንዱ ሶኬት ወደ ሌላው እየተቀጠለ አይሄድም። እያንዳንዱ ገመድ ሳይቆረጥና ሳይቀጠል ወደ አንድ ማዕከል ይመለሳል። የመብራት ሥራ የለመደ ባለሙያ ይህን ካልነገራችሁት በለመደው መንገድ ይሄዳል።

ማዕከሉ የኢንተርኔቱ ፋይበር ወደ ቤት የሚገባበት አካባቢ፣ እርጥበት የሌለበት፣ የመብራት ሶኬት ያለው ቦታ ይሁን። ሌላም ጥቅም አለው። ገመዶቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሳጥን (ስዊቹ) በዚያው ገመድ ኃይል የሚልክ ዓይነት ከሆነ እዚያ አንድ ዩፒኤስ ብታስቀምጡ መብራት ሲጠፋ ፋይበሩም፣ ማሰራጫዎቹም፣ ካሜራዎቹም አብረው ይቆያሉ። ባለ 25 ሚሊ ቱቦ አራት ካት 6 (የኔትወርክ ገመድ ደረጃ ነው) ገመድ ሳይጨናነቅ ይይዛል። ማጠፊያው ላይ ስል ክርን አታስገቡ፤ ቱቦው ቀስ ብሎ ይዙር።

ጥያቄ፦ መርካቶ ሁለት ካርቶን ካት 6 አሳዩኝ። አንዱ በግማሽ ዋጋ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ርካሹ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሳይሆን አይቀርም። ከመግዛትህ በፊት ጫፉን አስከፍት፣ ከስምንቱ ቀጫጭን ሽቦዎች አንዱን ልጠህ በምላጭ ፋቀው። ንጹሕ መዳብ እስከ ውስጥ ድረስ ቀይ ነው፤ የተቀባው ግን ወዲያው ነጭ ብር ይመስላል። ካርቶኑን አንሣውም፤ አሉሚኒየሙ በጣም ይቀላል። እንዲህ ያለው ገመድ ጥቂት ሲጎብጥ ይሰበራል፣ ኃይል ሲላክበት ይሞቃል። ግድግዳ ውስጥ ለዓመታት የሚቀመጥ ነገር ላይ እባክህ አትቆጥብ። ሙሉ ካርቶን 305 ሜትር ነው፤ ልባሱ ላይ የታተመውን የሜትር ቁጥር ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ጫፍ አይተህ አስላ። በጀት ካነሰ ንጹሕ መዳብ የሆነ ካት 5ኢ (ከካት 6 ዝቅ ያለው ደረጃ) ውሰድ፤ እስከ 100 ሜትር በሰከንድ 1 ጊጋቢት ያደርሳል።

ጥያቄ፦ ከመብራት ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ ቢሄድስ?

መልስ፦ በፍጹም። 220 ቮልት ነው፤ አንዱ ሽቦ ቢላጥ እጅህ ላይ የሚደርሰው በኮምፒውተርህ በኩል ነው። ጎን ለጎን ሲሄዱ ቢያንስ 20 ሳንቲ ይራራቁ፤ መሻገር ካለባቸው በቀጥታ መስቀልኛ ይተላለፉ።

ጥያቄ፦ የገመዱ ጫፍ ላይ መሰኪያውን ራሴ መታሁት። የገመድ መፈተሻው (ቴስተሩ) ከ1 እስከ 8 በቅደም ተከተል ይበራል፤ ኮምፒውተሩ ግን ወይ 100 ሜጋ ይላል ወይ ይቆራረጣል።

መልስ፦ ቀለማቱን በምን ቅደም ተከተል እንዳስገባሃቸው እስቲ እይ። ብዙ ሰው ብርቱካን ከብርቱካን፣ አረንጓዴ ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ፣ ቡኒ ከቡኒ እያደረገ ይደረድራል። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ ቴስተሩ ይበራል። ነገር ግን የመሰኪያው 3ኛውና 6ኛው እግር አብረው የተጠማዘዙ ሽቦዎች መሆን አለባቸው፤ በአንተ አደራደር ግን አንዱ ከአረንጓዴው፣ ሌላው ከሰማያዊው ይመጣል። መጠማዘዛቸው ነው ጣልቃ ገብነቱን የሚያጠፋው፤ ጥንዱ ሲለያይ ያ ጥበቃ ይቀራል። ተራ ቴስተር ይህን አያይም።

ትክክለኛው ይኸው፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ጥምዝምዙን ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አትፍታ። አደራደሩ ልክ ሆኖ አሁንም 100 ካለህ አንድ ሽቦ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ 100 ሜጋ በሁለት ጥንድ ይሠራል፣ ጊጋቢት አራቱንም ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጡረተኛ ነኝ፤ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ግድግዳ ማስፈልፈል አልፈልግም።

መልስ፦ አባቴ፣ መፈልፈል አያስፈልግዎትም። ከዞኮሎው በላይ የሚለጠፍ የፕላስቲክ መሸፈኛ አለ፤ ገመዱን በእሱ ውስጥ አሳልፈው የበር ክፈፉን ዙሪያ ተከትለው ይሂዱ። አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ከዋናው ቤት እስከ ሰርቪስ ቤቱ 35 ሜትር ነው። በላይ በኩል ብወጥረውስ?

መልስ፦ ርቀቱ ችግር የለውም፤ የምፈራው መብረቅ ነው። አንድ ጊዜ እኔው በአየር ላይ መዳብ ወጥሬ በሐምሌ ሌሊት መብረቅ አካባቢው ሲመታ የደንበኛዬ ስዊች፣ የካሜራ መቅጃና ቴሌቪዥን አብረው ተቃጠሉ። መብረቁ ገመዱን ራሱን መምታት አያስፈልገውም። ያን ቀን የቤቱ እመቤት የተቃጠለውን ስዊች ይዛ ስታሸተው አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ በሁለት ቤቶች መካከል መዳብ አልዘረጋም። ፋይበር ግዛ፣ በሁለቱም ጫፍ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ትንሽ መለወጫ አድርግለት፤ ብርጭቆ ስለሆነ፣ የብረት ሽቦ እስካልታከለበት ድረስ፣ ኤሌክትሪክ አያሻግርም። ገመዱ የውጭ ዓይነት፣ ልባሱ ጥቁር ይሁን፤ የቤት ውስጡ ፀሐይ ላይ ይሰነጣጠቃል።

ጥያቄ፦ እኔ ዲሲ ነኝ፤ እናቴ ቤት እየተሠራላት ነው። ከዚህ ሆኜ ምን ልከታተል? ገመዱን ልላከው?

መልስ፦ እህቴ፣ ገመዱ ከ10 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ለሻንጣ አይሆንም፤ እዚሁ ይገዛ። ይልቅ ጥሩ የመሰኪያ መጭመቂያና የግድግዳ መሰኪያዎች ላኪ። ልስን ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር ዘርግተው በቪዲዮ እንዲቀርጹልሽ አድርጊ፤ ቱቦው ከወለሉና ከማዕዘኑ ስንት ሳንቲ እንደራቀ ይታይ። በየቱቦው ውስጥ የመጎተቻ ሲባጎ ይግባ፤ ጫፎቹ በቴፕ ይዘጉ፣ አለበለዚያ ሲሚንቶ ይሞላቸዋል። ገመድ ሲገባ ሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይጻፍ። የመጨረሻውን ክፍያ አንዱ ላፕቶፕ በየሶኬቱ እየሰካ 1 ጊጋቢት የሚለውን በቪዲዮ ካሳየሽ በኋላ ክፈይ።