ቤት ያስቀረኝ ሽንቴ ነበር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወንድምሽ 26 ዓመቱ ነው፣ ተራራ ይወጣ ነበር፣ መኪና ተገልብጦ ህብለ ሰረሰሩ ከተጎዳ ስምንት ወር ሆነው፣ አሁን ከክፍሉ አልወጣም ብሏል። እናንተ ደግሞ ለፋሲካ ሳይነገረው ላንጋኖ ልትወስዱት አስባችኋል። «የድሮ ሕይወቱ ይመለሳል ወይ?» ነው ያልሽው።

እኔ ከተጎዳሁ አሥራ አንደኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የጉዳቴ ቦታ ቲ10 ነው፣ ማለትም በደረት በኩል ካሉት የአከርካሪ ደረጃዎች አሥረኛው፣ ስሜቴ እምብርቴ አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በፊት ቅዳሜና እሑድ ዝቋላ፣ ወንጪ፣ መናገሻ ስል የምውል ሰው ነበርኩ። ከአደጋው በኋላ አሥር ወር ሙሉ ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ አልጋ። ቤተሰቤ ተስፋ የቆረጥኩ መስሏቸው በየሳምንቱ መካሪ ያመጡልኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቤት ያስቀረኝ ሽንቴ ነበር። ሰው ፊት ያመልጠኛል፣ ይሸተኛል ብዬ ነው። ይሄን ደግሞ ለእናትና ለእህት ምን ብለሽ ትናገሪዋለሽ?

አንድ ቀን ሃያ ዓመት በዊልቸር የኖረ ሰው ሊጠይቀኝ መጣ። ሻይ ጠጣ፣ ስለ ኳስ አወራ፣ እናቴ ወጥ ቤት እስክትገባ ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሽንትህን እንዴት ነው የምታደርገው?» አለኝ። ዳይፐር አደርጋለሁ፣ እንዳይመጣብኝም ውሃ አልጠጣም አልኩት። «ታዲያ በምን ትወጣለህ!» አለና በሩን ዘግቶ ካቴተር፣ ሽንት የሚያወጣውን ቀጭን ቱቦ፣ እንዴት በራስ እንደሚገባ አሳየኝ። እጅ በሳሙና መታጠብ፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ልዩነት ማውጣት፣ ፊኛው ከግማሽ ሊትር በላይ እንዳይሞላ መጠንቀቅ። ውሃ መቀነስ ሽንቱን አወፍሮ ለኢንፌክሽንና ለጠጠር እንደሚያጋልጥ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሰገራም ሰዓት ይለምዳል። እኔ ቁርስ በልቼ ቡናዬን ከጠጣሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው፣ ምግብና ትኩስ ነገር አንጀትን ይቀሰቅሳል። ለመልመድ ሁለት ወር ገደማ ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ፒያሳ የሄድኩት፣ ወያላው የሁለት ሰው ሂሳብ ቢያስከፍለኝም!

ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። ከናዚ ጀርመን የሸሸው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ውስጥ የአከርካሪ ጉዳት ክፍል የከፈተው በአውሮፓውያን 1944 ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ የተጎዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በመኝታ ቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን ነበር። ጉትማን ሕመምተኞቹን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥና ፊኛቸውን መንከባከብ ላይ አተኮረ፣ ከዚያም ስፖርት አስገባ። በ1948 የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 የተጎዱ ወታደሮችን በሆስፒታሉ ግቢ ቀስት አወዳደረ። ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው ከዚያ ነው የመጣው።

ቆዳው ላይ ግን ቀልድ የለም። በሁለተኛው ዓመት እናቴ ደክሞሃል ብላ እግሬን በትኩስ ውሃ አጠበችልኝ። ውሃው እንደሚፋጅ እኔ አልተሰማኝም፣ እሷም ያጠበችኝ በጓንት ነበር። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ቆዳው አብሮ መጣ። ሁለት ወር ተኛሁ። እሷ እስከ ዛሬ ታለቅሳለች፣ ስለዚህ አደራ፣ ውሃውን መጀመሪያ በክርን ለኩ። ፍል ውሃ ልውሰድህ የሚለው ዘመድም አይጠፋም፣ ሶደሬም ሆነ ወንዶ ገነት ሙቀቱ ሳይለካ እግሩን አያስገባ። ጸበልም ከሄዳችሁ ሂዱ፣ እኔም ሄጃለሁ፣ ድንጋይ ላይ ግን አታስቀምጡት፣ ካቴተር መጠቀሙንም እንዳያቋርጥ።

ሲቀመጥ በየሩብ ሰዓቱ፣ ቢበዛ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ወደፊት ወይም ወደ ጎን ዘንበል ብሎ መቀመጫውን ያሳርፍ። እኔ ስልኬ ላይ ደወል ሞልቻለሁ። ማታ ማታ ደግሞ መቀመጫውንና ተረከዙን በመስታወት ወይም በስልክ ካሜራ ይይ። የቀላው ቦታ በግማሽ ሰዓት ካልጠፋ፣ እስኪጠፋ እዚያ ላይ አይቀመጥበትም፣ የተያዘ ጉዞም ቢሆን ይቀራል። ለቁስል ተብሎ የሚሸጠውን መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ትራስ አትግዙለት፣ ዙሪያውን ጨምቆ ደም ይከለክላል። ገንዘብ ካላችሁ ከሁሉ በፊት ጥሩ የዊልቸር ትራስ ግዙ።

አሁን ወደ ላንጋኖ። ቦታው ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው የሚመርጠውም ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ስለሚባል ነው። አሸዋው ላይ ግን የዊልቸሩ የፊት ትንንሽ ጎማዎች ይሰምጣሉ። መፍትሔው ወንበሩን ወደ ኋላ አዘንብሎ፣ ጀርባውን ወደ ውሃው አዙሮ በኋላ ጎማዎች ብቻ መጎተት ነው። እኔ የገባሁት ሁለት ጓደኞቼ ይዘውኝ፣ የከባድ መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ነፍተን ነው። ውሃ ውስጥም ካልሲና ጫማ አድርጌ ነበር፣ እግር ድንጋይ ላይ ሲፈገፈግ አይታወቅምና። በጀርባዬ ስንሳፈፍ እግሬ ወደ ላይ ተነሣ። አደጋው ከደረሰ ወዲህ ጣቶቼን ከፊቴ ቆመው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ጓደኞቼ የሳቅኩበት ምክንያት አልገባቸውም።

ወንድምሽ ተራራ የሚወድ ከሆነ ደግሞ ባሌን በልቡ ይያዝ። ከጎባ ወደ ሳኔቲ አምባ የሚወጣው መንገድ መኪና ከ4,000 ሜትር በላይ ያደርሳል፣ 4,377 ሜትር ያለው ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስም መኪና ይወጣል። እኔ ባለፈው ዓመት ጅብራው መሃል ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታደን አይቻለሁ። ለዚያ ጉዞ ከፊት ገመድ አስረን አንዱ ይጎትት ነበር፣ አንዱ ከኋላ ይገፋል። ብርዱን እግር አይናገርም፣ ስለዚህ ሁለት ካልሲ አድርጌ በየጊዜው በእጄ እዳስሰዋለሁ። የመኪናውን ማሞቂያ እግር ላይ መልቀቅ ክልክል ነው፣ ምክንያቱን ከላይ ነግሬሻለሁ።

አሁን ያልወደድኩትን ልንገርሽ፤ ሳይነገረው መውሰዱን። ስምንት ወር ሙሉ ሰው እያነሣ እያስቀመጠው ነው የኖረው፣ ደግሞ አንድ ቀን አፋፍሳችሁ መኪና ውስጥ ልትከቱት ነው? ካቴተሩን ሳይዝ፣ ሰዓቱን ሳያውቅ? ጠይቁት። አይሆንም ካለ ሰፈር ያለው ቡና ቤት ይበቃል፣ እሱም ሁለት ሰዓት ላልሞላ ጊዜ። ሲሸከሙትም «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚለው እሱ ይሁን፣ የሚነቀለውን የእጅ መደገፊያ ሳይሆን የወንበሩን ብረት ይያዙ። ከወለል ወደ ወንበር መመለስንም ፍራሽ ላይ ይለማመድ። እኔ ስለማመድ እናቴ «ኧረ በማርያም ተው!» እያለች ደጅ ትወጣ ነበር። አንቺም ማየት ካቃተሽ ውጪ፣ አታስቁሚው።

አንድ ነገር ሳትጽፊ ቀርተሻል። የሐኪም ወረቀቱ ላይ «ቲ» ከሚለው ፊደል ቀጥሎ ስንት ይላል? ከ1 እስከ 6 ከሆነ፣ ወይም ጉዳቱ አንገቱ ላይ ከሆነ፣ ከላንጋኖ በፊት የምታውቁት ነገር አለ። ድንገት ራሱን ፍልጥ ካደረገው፣ ፊቱ ቀልቶ ካላበው፣ የደም ግፊቱ እየተተኮሰ ሊሆን ይችላል። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ የጠበቀ ልብስና ቀበቶ ፍቱ፣ ፊኛው ሞልቶ ወይም ካቴተሩ ተጣጥፎ እንደሆነ እዩ፣ ካልተወው ቶሎ ሆስፒታል። ቁጥሩን እይና እዚሁ ጻፊልኝ።